እናቴ የዓይን ልገሳ ካርዴን አይታ ሦስት ቀን አለቀሰች

«ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ከእናትና አባቴ፣ ከታናሽ ወንድሜም ጋር ነው የምኖረው። አምና መሥሪያ ቤታችን የደም ልገሳ ሲያዘጋጅ ደም ሰጠሁ። እዚያው ጎን ከሞት በኋላ ዓይናቸውን ለመለገስ የሚፈልጉ ሰዎች የሚሞሉት ቅጽ ነበር፤ እሱንም ሞልቼ ፈረምኩ። ትንሽ ካርድ ሰጡኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ረሳሁት። ባለፈው ሳምንት እናቴ ቦርሳዬን ልታጥብ ስታራግፈው ካርዱ ወደቀ። ወንድሜ አነበበላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆኗል። ሦስት ቀን ሙሉ አለቀሰች። ‹በምጽአት ቀን በምን ዓይንሽ ፈጣሪሽን ልታዪ ነው?› ትለኛለች። ‹ሬሳሽን ሊበልቱብኝ ነው?› ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ‹ዛሬ ዓይን፣ ነገ ኩላሊት ነው። የፈረመ ሰው ሆስፒታል ሲገባ ቶሎ እንዲሞት ነው የሚፈለገው፤ ንግድ ነው› እያለ ያባብሰዋል። አባቴ ዝም። እኔ የፈረምኩት በቅንነት ነበር። የእናቴ እናት ደጀን አካባቢ በስተርጅና ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በሰው እጅ እየተመሩ ነው የሞቱት። አሁን ለቤታችን ሰላም ስል ካርዱን ልቅደደው? ወይስ ቀድጄዋለሁ ብዬ ዋሽቼ ልደብቀው? ግራ የገባኝ፣ ከጎተራ።»

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ የጎተራዋ እህቴ።

አትቅደጂው። አትዋሺም። ለምን መዋሸት እንደሌለብሽ ቆይቼ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ እናትሽ እናውራ።

«ትቅበሪኝ» እየተባልሽ ነው ያደግሽው አይደል? አብዛኞቻችን እንደዚያው ነን። ምግብ ስናነሳ ትቅበሪኝ፣ ፈተና ስናልፍ ትቅበሪኝ፣ ጫማ ስንገዛላቸው ትቅበሪኝ። ከመልመዳችን የተነሳ ቃሉን አንሰማውም። እናት ግን ስትለው እየለመነች ነው። ተራው እንዳይዛባ፤ መጀመሪያ እኔ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ አንቺ። ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ሲለምኑ የኖሩ ሴት አንድ ቀን ቦርሳ ሲያራግፉ፣ ልጃቸው ስትሞት ምን እንደሚደረግ የሚናገር ወረቀት ወለሉ ላይ ወደቀ። የልጃቸው ፊርማ አለበት። እኔ ብሆን «ዓይን» የሚለውን ቃል ከነጭራሹ አልሰማውም ነበር። «ሞት» የሚለው ላይ ጆሮዬ ይደፈናል።

ስለዚህ ያንን ሦስት ቀን ስለ ልገሳ እንደተሰጠ ፍርድ አትውሰጂው። እናትሽ ያለቀሱት አንቺን ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ። እዚህ ጋ ትንሽ ብቆጣ አትቀየሚኝ። ለእናቱ ካርድ ሲያነብ የራሱን ወሬ ጨምሮ ማንበብ ምን የሚሉት ጨዋነት ነው? ዓይን የሚወሰደው ሰውየው መሞቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። አክመው ሊያድኑሽ የሚሯሯጡት ሐኪሞችና ከሞት በኋላ የሚጠሩት የዓይን ባንክ ባለሙያዎች የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ለጋሹ አይከፈለውም፤ ቤተሰቡም አይከፈለውም። የሰውን አካል መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ደግሞስ ዓይን ለማግኘት ሰው ማስቸኮል ለምን ያስፈልጋል? ሰው እንደሆነ በየቀኑ ይሞታል። የጠፋው ስልክ አንስቶ ለዓይን ባንኩ የሚደውል ሰው ነው።

ኩላሊትን ከዓይን ጋር መቀላቀሉን ግን አልፈርድበትም፤ ብዙ ሰው ይቀላቅለዋል። ሚኒባስ ላይ ፎቶ ተለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ «ወገን፣ ወንድማችን ሁለቱም ኩላሊቱ…» ሲባል እየሰማን ነዋ የምንውለው። የኩላሊት ነገር ሌላ ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላው በፈረንጆቹ 2015 ሲጀመር ኩላሊቱን የሚሰጠው በሕይወት ያለ የታማሚው ዘመድ ነበር። እህት ለወንድሟ፣ አባት ለልጁ። ደም ይመሳከራል፣ ሌላም ብዙ ምርመራ አለ። አንቺ የፈረምሽው ወረቀት ከዚህ ጋር አይገናኝም። ተነስቶ ኩላሊትሽን የሚጠይቅሽ የለም።

ታዲያ የፈረምሽው ምንድነው? ሕዝቡ «የዓይን ብሌን» ይለዋል፤ ሐኪሞቹ ኮርኒያ ይሉታል። የግድግዳ ሰዓት ፊት ላይ ያለውን መስታወት አስቢ። ቆጣሪውም ቁጥሩም ከኋላው ነው፤ መስታወቱ ጥርት ያለ ሽፋን ብቻ ነው። መስታወቱ ከተጫጫረ ወይም ከደፈረሰ፣ ሰዓቱ በደንብ እየሠራ እንኳ ስንት ሰዓት እንደሆነ አታይም። ኮርኒያም እንደዚያው ነው። ጠባሳ ሲይዘው ዓይኑ ከጀርባ ጤነኛ ሆኖ ሰውየው ዕውር ይሆናል። ንቅለ ተከላው መስታወቱን መቀየር ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምርልሽ። ኮርኒያ ውስጥ የደም ሥር የለም። በዚህ የተነሳ እንደ ኩላሊት የደም ዓይነት ማመሳሰል፣ ዘመድ መፈለግ የለም። የጎተራ ሰው ብሌን ለጎዴ ሰው ይሆናል። የኦርቶዶክሱ ለሙስሊሙ፣ የሽማግሌው ለወጣቱ። መነጽር ማድረግ አይከለክልም። የሚከለክሉ በሽታዎች አሉ፤ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ የመሳሰሉ። ለዚህም ነው ከሟቹ ትንሽ ደም ተወስዶ የሚመረመረው። አንድ ሰው ሁለት ብሌን ስላለው ለሁለት ሰው ይደርሳል።

«ይበልቱብኛል» ላሉት፦ ሥራው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ብሌኑ ብቻ ሊነሳ ይችላል፤ ዓይኑ በሙሉ ከተነሳም በቦታው ቅርጹን የሚይዝ ነገር ይደረግና የዓይኑ ቆብ ይከደናል። ለመሰናበት ፊት የሚገልጥ ዘመድ ምንም ለውጥ አያይም። ከዚያ በኋላ ገናዦቹ እንደ ወጉ ያጥባሉ፣ ይገንዛሉ።

ነገሩ አዲስ የፈረንጅ ፋሽን የሚመስለው ሰውም አለ። እንደዚያ አይደለም። የመጀመሪያው የተሳካ የብሌን ንቅለ ተከላ የተሠራው በ1905 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር ኦሎሞውትስ ከተማ ነው። ሐኪሙ ኤድዋርድ ዚርም ይባላል። ታማሚው ኖራ ሁለቱንም ዓይኑን ያቃጠለበት የቀን ሠራተኛ ነበር። ብሌኑ የተገኘው ዓይኑ በአደጋ ተጎድቶ መውጣት ከነበረበት የ11 ዓመት ልጅ ነው። ከሁለቱ አንደኛው ዓይን አልያዘም፤ ሌላው ግን ጠራ፤ ሰውየው ወደ ሥራው ተመለሰ። ኖራ! እኛም አገር ኖራና ሲሚንቶ ሲያቦኩ ስንቱ ዓይኑን ያጣል። እሾህ አለ፣ ሲፈልጡ የሚፈናጠር እንጨት አለ፣ ዓይን ውስጥ የሚጨመቅ ቅጠል አለ። በልጅነት ዓይናቸውን ሲያሹ አድገው ብሌናቸው የሚሾልባቸው ወጣቶችም አሉ።

የአያትሽን ነገር ግን እውነቱን ልንገርሽ። የሰው ብሌን ቢደረግላቸው ያዩ ነበር አልልሽም። ዓይናቸውን የጋረደው የዓይን ሞራ ከነበረ፣ እሱ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል እንጂ የሰው ብሌን አያስፈልገውም። በ1998 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉን የያዘው ሞራ ነበር፤ በትራኮማ የመጣ የብሌን ጠባሳ ደግሞ ከመቶ 11.5 ያህሉን። ትራኮማ ከነበረ ከባድ ነው፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀው፣ ዓይኑም ደርቆ ሳለ አዲስ ብሌን ማድረግ ብዙ ጊዜ አይዝም። እሱ ገና ከሕፃንነት ፊት በመታጠብ፣ በመድኃኒት፣ ቆቡን ቶሎ በማስተካከል ነው የሚሸነፈው። እናትሽ የደጀን ልጅ ናቸውና ወረንጦን ያውቋታል። አንገት ላይ በክር የምትንጠለጠለውን። አሮጊቶቹ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቁ በውስጥ የበቀለውን ሽፋሽፍት በሷ ሲነቅሉ፣ አንዷ የሌላዋን ስትነቅል። ይህንን ያየች ልጅ ስለ ዓይን ሌክቸር አያስፈልጋትም።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ለእናትሽ «አያቴን ለማዳን ነው» ብለሽ እንዳትጀምሪ ነው። ያልሆነ ነገር ከተናገርሽ አንድ ቀን ይያዝብሻል። ሌሎች አሉ። ያ የግንባታ ሠራተኛ፣ ያ ተማሪ። ለእነሱ ይሠራል።

የምጽአቱ ጥያቄ። ይሄ ቀላል ጥያቄ አይደለምና እንዳትስቂበት። እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደገ ሰው የሚያውቀውን ያህል ግን ልበል። አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳ የሚባለውን አባት ታውቂዋለሽ? ስሙ ራሱ ለአንበሳ የተሰጠ ማለት ነው። ሮም ውስጥ ለአራዊት ተጥሎ ነው የሞተው። ስንክሳሩ በእሳት በተቃጠሉ፣ ለአውሬ በተጣሉ፣ አካላቸው በተቆራረጠ ሰማዕታት የተሞላ ነው። እነዚህ ጎድለው ይነሳሉ ብሎ የሰበከ ካህን ሰምቼ አላውቅም። ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት አራተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ቢቻል ኖሮ ዓይናችሁን አውጥታችሁ ትሰጡኝ ነበር ብሎ ፍቅራቸውን ይመሰክርላቸዋል። በእሱ ዘመን አይቻልም ነበር።

ሙስሊም አንባቢዎቼም ይህንኑ ስለሚጠይቁኝ በዚያው ልጥቀስ። የዓለም አቀፉ እስላማዊ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) አካዳሚ በ1988 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጅዳ ላይ ባደረገው ስብሰባ፣ ከሞተ ሰው ወደ ሕያው ሰው አካል ማስተላለፍን ሟቹ ወይም ወራሾቹ እስከፈቀዱ ድረስ ይቻላል ብሏል። ዝርዝሩን ሼኾቻችሁን ጠይቁ።

አንቺ ግን አግናጥዮስንም ገላትያንም ለእናትሽ እንዳትጠቅሺባቸው። ልጅ እናቷን በጥቅስ ስትረታ ቤቱ ይቀዘቅዛል እንጂ ማንም አያሸንፍም። የንስሐ አባታቸውን አስቀድመሽ ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። እሳቸው ለጸበል ሲመጡ ይንገሯቸው። ከአንቺ አፍ ሲወጣ ድፍረት የሚመስለው ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ምክር ይሆናል። ሌላም ሰው አለልሽ። የቀድሞው ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በሕይወት ሳሉ ዓይናቸውን ለመለገስ ቃል የገቡ ሰው ነበሩ። ለእናትሽ ዘመን ሰዎች ይሄ ከመቶ በራሪ ወረቀት ይበልጣል።

አሁን መዋሸት ለምን እንደማይሆን።

አጎቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞተ። አርባው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ልብሱን ለነዳያን ልንከፋፍል ቁም ሣጥኑን ከፈትን። ቡናማ ኮት ነበረችው፤ በክረምትም በበጋም የማትለየው። አክስቴ ከመስጠቷ በፊት ኪሶቹን ፈተሸች። ከውስጥ ኪሱ የእድር ደረሰኝ፣ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ፣ የተገመሰ ማስቲካ፣ እና አንድ ካርድ ወጣ። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። የዓይን ልገሳ ካርድ ነበር፤ ከፈረመ ስድስት ዓመት አልፎታል።

ልትቆጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ቅዳሴ የማያልፋት፣ አርብ ረቡዕ የማትስት ሴት ናት። ተቆጣችም። «ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ኖረን ይህንን ለኔ አይነግረኝም?» አለች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው ያረፈው። ሲነጋ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው የቀበርነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚህ ተኝቶ ነበር። እደውል ነበር እኮ!» ያንን ኮት ለማንም አልሰጠችም።

ያ ቀን ካርድ ምን እንደሆነ አስተማረኝ። ካርዱ ብቻውን ምንም አያደርግም። ባለሙያዎቹ ብሌኑ ሳይበላሽ መድረስ ያለባቸው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ሰውየው ከሞተ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳያልፍ ቢሆን ይመረጣል። የእኛ ቀብር ደግሞ ታውቂዋለሽ። ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ገናዥ ይጠራል፣ ሁሉም ይሯሯጣል። በዚያ ሩጫ መሃል አንድ ሰው ትዝ ብሎት ካልደወለ ያንቺ ፊርማ ከኮት ኪስ አይወጣም። ቤተሰቡ እንቢ ካለም ባለሙያዎቹ ለቅሶ ቤት ገብተው አይሟገቱም። ስለዚህ ለእናትሽ ቀድጄዋለሁ ብለሽ ከዋሸሽ፣ በእውነትም ቀደሻት ማለት ነው።

ደግሞ ማን ይደውላል ብለሽ አስበሻል? ይሄን ሟርት አታድርጊብኝ፤ ዕድሜሽን ያርዝመውና፣ እንዲያ ያለ ቀን ቢመጣ እናትሽ ስልክ የሚይዙ አይሆኑም። አባትሽም። ከእናንተ ቤት ስልክ የሚይዘው ያ ወሬኛ ወንድምሽ ነው። ያሳመንሽው ሰው እሱ ቢሆን ሥራው አለቀ። ተከራክረሽ አትችይውም፤ ይዘሽው ሂጂ። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው፤ አሁን ሥራው በኢትዮጵያ ደምና ሕብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ሥር ነው። ደም ስትሰጪ አብሮሽ ይምጣ፤ ያንን «ንግድ» የሚለውን ጥያቄ ራሱ ፊት ለፊት ይጠይቃቸው። ለመሆኑ ደም ሰጥቶ ያውቃል? የማያውቅ ከሆነ መርፌዋን ሲያይ ያ ሁሉ ወሬ ምን እንደሚሆን ባየሁ።

እናትሽን ደግሞ ለብቻ አግኚያቸው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት አይሆንም፤ አንዷ «እንዴ፣ የኔ ልጅ ብትሆን!» ካለች አለቀልሽ። ምስር ስትለቅሙ፣ ወይ ፀጉራቸውን ስትሠሪላቸው፤ ዓይን ለዓይን ሳትተያዩ ይሻላል። ስለ ካርዱ አታንሺ። ስለ አያትሽ ጠይቂያቸው። ማን ነበር የሚመራቸው? ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይሄዱ ነበር? የልጅ ልጃቸውን ፊት በእጃቸው ዳብሰው ነው የሚያውቁት? እናትሽ ይናገሩ፤ አንቺ ዝም በይ። የዚያን ቀን ምንም አትጨምሪ። ሌላ ቀን፣ ሲረጋጉ፣ «እማ፣ እኔ እንድቀብርሽ ነው የምትመርቂኝ፤ አሜን ብያለሁ። ካርዷ ግን ትቀመጥልኝ» በያቸው። እሺ እንዲሉሽ አትጠብቂ። «ምን ላድርግሽ እንግዲህ» ካሉ እሺ ማለት ነው፤ የእናቶችን ቋንቋ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ዝም ያሉትን አባትሽንም አትርሺ። የዚህ አገር አባት ዝም ሲል ሁልጊዜ ተቃውሞ አይደለም። አንዳንዴ እሱም መፈረም አስቦ የፈራ ሊሆን ይችላል። አጎቴም ዝምተኛ ነበር።

ካርዷን ወደ ቦርሳሽ እንዳትመልሻት። ቤታችሁ የእድር ደብተር አለ አይደል? ሰው ሲሞት በመጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው፤ ዳኛውንም ጸሐፊውንም የሚጠሩት ከዚያ ነው። እዚያ ውስጥ አስቀምጫት፣ የሚደወልበትን ስልክ በትልቁ ጽፈሽ። ከሥሩ ደግሞ ሦስት ነገር ጨምሪ፦ የዓይኑን ቆብ መክደን፣ በውሃ የራሰ ጥጥ ላዩ ላይ ማድረግ፣ ጭንቅላትን በትራስ ከፍ ማድረግ። ደብተሩ የት እንዳለ ካላወቅሽ አባትሽን ጠይቂያቸው፤ ወሬውም በዚያው ይጀመራል።